የጨው ክሎሪን አምራች እንዴት ይመረጣል? በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና እኛ የምንፈልገው ቁጥር

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ስልክ፣ ስለ ፊደል ገበታና ስለ ኮድ ነው። ዛሬ ግን ወደ ጓሮ እንወጣለን። ርዕሳችን የመዋኛ ገንዳን ውሃ በጨውና በኤሌክትሪክ የሚያክም መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መሣሪያውን «ክሎሪን አምራች» እያልኩ እጠራዋለሁ፤ በቧንቧው ላይ የሚገጠመውንና ክሎሪኑ የሚመረትበትን ክፍል ደግሞ «ሴል» እለዋለሁ።

ይህን ጉዳይ ያጠናሁት በምክንያት ነው። ላስ ቬጋስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የገዛችው ቤት ጓሮው ውስጥ ገንዳ አለው። ሦስት ልጆቿ ሙቀቱ ከጀመረ ጀምሮ ከውሃው አይወጡም። ክሎሪን እየገዙ መጨመር ሲሰለቻት «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? አንዱን ምረጥልኝ» አለችኝ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ነገሮች ግን አሳሰቡኝ። አንደኛ፣ መሣሪያው ከነመግጠሚያው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛውና ዋናው፣ አቅሙ ያነሰ መሣሪያ ከተገዛ ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ግን ከሚገባው በታች ሊሆን ይችላል። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው የሚስቁ ልጆች አሉ።

ስለዚህ ዛሬ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የጋሎን ቁጥር ትተን፣ ለገንዳችን በቀን ስንት ግራም ክሎሪን እንደሚያስፈልግ ራሳችን ማስላት። የሚያስፈልገው ሒሳብ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

መሣሪያው በእርግጥ ምን ይሠራል?

እናቴ ወሬውን ስትሰማ «እሰይ! በጨው ከሆነማ ልጆቹ ከዚያ ክሎሪን ተገላገሉ» አለች። ይህ እምነት የእሷ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሻጮችም እንዲህ እንድናስብ አይጠሉም። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ የጨው ገንዳ የክሎሪን ገንዳ ነው። ልዩነቱ ክሎሪኑ ከሱቅ በጀሪካን መምጣቱ ቀርቶ እዚያው ቧንቧው ውስጥ መመረቱ ነው። ለእናቴ ነገሩ የገባት «እማዬ፣ ማሽኑ ጨዉን ወደ በረኪና ይቀይረዋል» ስላት ነው። ይህ አባባል ለማቅለል የተባለ ብቻ አይደለም፤ በኬሚስትሪም ትክክል ነው።

የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ይለያያሉ። ሴሉ ውስጥ ተቀራርበው የተደረደሩ የቲታኒየም ሰሌዳዎች አሉ፤ ሰሌዳዎቹ እንደ ሩቴኒየምና ኢሪዲየም ባሉ ውድ ብረቶች ኦክሳይድ ተለብጠዋል። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ለእነዚህ ሰሌዳዎች ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይልካል። በአኖዱ በኩል ክሎራይድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ክሎሪን ይሆናል። በካቶዱ በኩል ውሃው ተከፍሎ ሃይድሮጂን ጋዝና ሃይድሮክሳይድ ይወጣል። ክሎሪኑ ወዲያው ውሃው ውስጥ ይሟሟና ጀርም የሚገድለውን ሃይፖክሎረስ አሲድ ይሰጣል። በድምሩ ያገኘነው በረኪና ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው።

ደስ የሚለው ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ክሎሪኑ ሥራውን ከጨረሰ ወይም ፀሐይ ካፈረሰችው በኋላ ተመልሶ ክሎራይድ ይሆናል። ክሎራይዱ እንደገና ሴሉ ውስጥ ሲያልፍ እንደገና ክሎሪን ይሆናል። ስለዚህ ጨዉ አያልቅም፣ ይመላለሳል። ውሃ ሲተንም ጨዉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ጨው የሚቀንሰው ውሃው ራሱ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ልጆች ሲረጩት፣ ማጣሪያ ሲታጠብ፣ ዝናብ ሞልቶ ሲያፈሰው ወይም ገንዳው ሲያፈስ።

ጨዉስ ምን ያህል ነው? አብዛኞቹ መሣሪያዎች በአንድ ሊትር ውሃ ከ3,000 እስከ 3,500 ሚሊግራም ይፈልጋሉ። የባሕር ውሃ 35,000 ገደማ ስለሆነ ከባሕሩ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ከእንባችን ጨው እንኳ ያንሳል፤ ዓይን የማይቆጠቁጠውም በከፊል ለዚህ ነው።

ለጉጉዎች፦ የፋራዴይ ሒሳብ

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያገኘው ሕግ፣ የሚመረተው ንጥረ ነገር መጠን ካለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ጋር ቀጥተኛ ተመጣጣኝ ነው ይላል። 70.9 ግራም ክሎሪን ለማግኘት 2 ሞል ኤሌክትሮን፣ ማለትም 2 ጊዜ 96,485 ኩሎምብ ያስፈልጋል። 1 አምፔር ለ1 ሰዓት ሲፈስ 3,600 ኩሎምብ ነው። ስታካፍሉት አንድ አምፔር በአንድ ሰዓት 1.32 ግራም ክሎሪን ይሰጣል።

ታዲያ ጥቂት አምፔር ብቻ የሚወስድ ሴል እንዴት በሰዓት ከ20 ግራም በላይ ያመርታል? ዘዴው ሰሌዳዎቹ በተከታታይ መደርደራቸው ነው። ያው ኤሌክትሪክ በየክፍተቱ እያለፈ በእያንዳንዱ ክፍተት እንደገና ክሎሪን ያመርታል። በ6 አምፔርና በ5 ክፍተት ብናሰላ 6 × 5 × 1.32 = 39.6 ግራም በሰዓት ይሆናል። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ጨዉ ቀጭን ስለሆነ ከኤሌክትሪኩ ከፊሉ ክሎሪን ሳይሆን ኦክስጅን በማምረት ይባክናል። ቢሆንም አንድ ሻጭ «አምፔሩ ትንሽ፣ ክሎሪኑ ግን ብዙ» ሲላችሁ ጣሪያውን በዚህ ቀመር መፈተሽ ትችላላችሁ።

የሳጥኑን ቁጥር ወደ ኋላ መተርተር

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። አሜሪካ ውስጥ በስፋት ከሚሸጡት አንዱን፣ የፔንቴርን ኢንቴሊክሎር ለምሳሌ እንውሰድ። እሱን የመረጥኩት ሦስቱ መጠኖች ለማነጻጸር ስለሚመቹ ነው፤ የሌሎቹ ኩባንያዎች ስሌትም ያው ነው።

- ባለ 20፦ እስከ 20,000 ጋሎን፤ በ24 ሰዓት 0.7 ፓውንድ ክሎሪን (318 ግራም)
- ባለ 40፦ እስከ 40,000 ጋሎን፤ በ24 ሰዓት 1.4 ፓውንድ (635 ግራም)
- ባለ 60፦ እስከ 60,000 ጋሎን፤ በ24 ሰዓት 2 ፓውንድ (907 ግራም)

የእህቴ ገንዳ 8 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር ነው። ሲባዛ 60 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 60,000 ሊትር ይሆናል። አንድ የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ስለሆነ ገንዳው 15,850 ጋሎን ገደማ ይይዛል። ሳጥኑን ብቻ የሚያይ ሰው «ባለ 20 ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል» ይላል።

ቁጥሩን ወደ ኋላ እንተርትረው። 20,000 ጋሎን 75,700 ሊትር ነው። 318 ግራም ክሎሪን በ75,700 ሊትር ሲከፋፈል ለአንድ ሊትር 4.2 ሚሊግራም ይደርሳል። የባለ 40ውን ስታሰሉት 4.2፣ የባለ 60ውን ደግሞ 4 ታገኛላችሁ። ሦስቱም ሳጥኖች በውስጣቸው አንድ የተደበቀ ግምት አላቸው ማለት ነው፤ ፓምፑ ሌት ተቀን 24 ሰዓት ይሠራል፣ ሴሉ በ100 ከመቶ ይሠራል፣ ገንዳው ደግሞ በቀን ከ4 ሚሊግራም በሊትር በላይ አይፈልግም የሚል። ብዙ ቤተሰብ ግን ፓምፑን በቀን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው የሚያሠራው። በኮድ ቋንቋ ስንናገር፣ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ነባሪ እሴቶቹ ግን የእኛ አይደሉም።

የገንዳችሁን ፍላጎት መለካት

ገንዳ በቀን ስንት ክሎሪን ይበላል? ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መልስ የለም፤ ፀሐዩ፣ ሙቀቱ፣ የዋናተኛው ብዛትና የሚወድቀው ቅጠል ይወስነዋል። ማረጋጊያው ልክ የሆነ የውጭ ገንዳ በበጋ በአብዛኛው በቀን ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም በሊትር ያጣል። ከግምት ግን መለኪያ ይሻላል።

1. ፀሐይ ሳትወጣ ነጻ ክሎሪኑን ለኩ። በወረቀት ከሚለካው ይልቅ ጠብታ እየተቆጠረ የሚለካው ኪት ይሻላል።
2. ቀኑን ሙሉ ክሎሪን አትጨምሩ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ይዋኙ።
3. ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ የቀኑ ፍጆታ ነው።
4. በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ እንደገና ለኩ። ሌሊት ከ1 በላይ ከቀነሰ ውሃው ውስጥ አልጌ ወይም ሌላ ቆሻሻ አለ ማለት ስለሆነ፣ መሣሪያ ከመግዛት በፊት እሱን አጽዱ።

ይህን ስታደርጉ ክሎሪኑ እንዳያልቅ ከበቂ መጠን ጀምሩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ለገንዳ ቢያንስ 1 ሚሊግራም በሊትር፣ ማረጋጊያ ላለበት ገንዳ ደግሞ ቢያንስ 2 ይላል፤ ፒኤቹም ከ7.0 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ጠዋት 6፣ ማታ 3 ካገኛችሁ ፍጆታችሁ 3 ነው።

«ማረጋጊያ» ያልኩት ሲያኑሪክ አሲድን ነው። ክሎሪንን ከፀሐይ የሚከልል ጥላ ነው በሉት። ያለ እሱ የበጋ ፀሐይ ከክሎሪኑ ግማሹን በሰዓት ውስጥ ልታጠፋው ስለምትችል የትኛውም ሴል አይደርስባትም። ሲበዛ ደግሞ ክሎሪኑን ያዳክመዋል። ለጨው ገንዳ የሚመከረው እንደ አምራቹ መመሪያ ቢለያይም፣ ከ30 እስከ 80 ሚሊግራም በሊትር ውስጥ ይወድቃል፤ ፀሐይ በሚበረታበት አገር ወደ ላይኛው ይጠጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ትሪክሎር የሚባለው ጽላት ራሱ ማረጋጊያ አለው፤ 10 ሚሊግራም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ሚሊግራም ገደማ ማረጋጊያ ይጥላል፣ ያም አይጠፋም። ለዓመታት በጽላት የታከመ ገንዳ ካላችሁ መጀመሪያ ማረጋጊያውን ለኩ። ከ100 ካለፈ ከውሃው ከፊሉን አፍስሶ በአዲስ መተካት ነው መፍትሔው።

ስሌቱ፣ በአማርኛ ፓይተን

ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ይህን ስሌት አንድም የላቲን ፊደል ሳንጽፍ በኮንሶሉ ላይ ማስኬድ እንችላለን። እያንዳንዱን መስመር ጽፋችሁ አስገቡ፤

ገንዳ_ሊትር = 60000
የቀን_ፍጆታ = 3
ሴል_ግራም = 318
ፓምፕ_ሰዓት = 10
ፍላጎት = ገንዳ_ሊትር * የቀን_ፍጆታ / 1000
አቅም = ሴል_ግራም * ፓምፕ_ሰዓት / 24
መቶኛ = ፍላጎት / አቅም * 100
መቶኛ

የመጨረሻው መስመር ውጤቱን ያሳያችኋል። ፍላጎቱ 180 ግራም ነው፤ የባለ 20ው አቅም በ10 ሰዓት 132.5 ግራም ብቻ ነው። መቶኛው 136 ገደማ ይወጣል። ከ100 በላይ የሆነ ቁጥር «ይህ ሴል አይችልም» ማለት ነው። ሳጥኑ ይተርፋል ያለው መሣሪያ በሐምሌ ፀሐይ ይሸነፋል።

«ሴል_ግራም» የሚለውን ቀይራችሁ ሁለቱን መስመሮች እንደገና አስኪዱ። በ635 መቶኛው 68 ይሆናል፤ በ907 ደግሞ 48።

እኔ የምመክረው ልክ በበጋው ከባድ ቀን ከ50 እስከ 70 ከመቶ መካከል የሚሠራውን ነው። እንግዳ ሲበዛ፣ ሙቀት ሲጨምር ወይም ሴሉ ሲያረጅ የሚሞላው ትርፍ አቅም ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ለትንሽ ገንዳ እጅግ ትልቅ ሴል መግዛትም ክሎሪኑ ከልክ በላይ እንዲወጣ ስለሚያደርግ መቶኛውን እያወረዱ መከታተል ይጠይቃል።

አቅም የሚጨምርበት ሌላም መንገድ አለ፤ የፓምፑን ሰዓት ማርዘም። ፍጥነቱ የሚቀያየር ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚበላው ኃይል በንድፈ ሐሳብ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በዝግታ ረዘም ላለ ሰዓት ማሠራት ክሎሪኑን ቀኑን ሙሉ እኩል ያከፋፍላል፣ የመብራት ሒሳቡም አይከፋም። ግን ፍሰቱ ሴሉ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በታች መውረድ የለበትም። እህቴ የወሰነችው ባለ 40ውን ይዛ ፓምፑን በዝግታ 14 ሰዓት ማሠራትን ነው። ሰዓቱን ቀይራችሁ ብታሰሉ 49 ከመቶ ገደማ ታገኛላችሁ።

ዕድሜና ዋጋ

ሴል እንደ ባትሪ አላቂ ዕቃ ነው። የሰሌዳዎቹ ልባጥ እየሳሳ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዕድሜ 10,000 የምርት ሰዓት ነው። ይህ የሚቆጠረው ሴሉ በእርግጥ በሚያመርትበት ሰዓት ነው። ባለ 40ው በቀን 10 ሰዓት በ68 ከመቶ ሲሠራ የሚያመርተው 6.8 ሰዓት ነው፤ 10,000 ለ6.8 ሲካፈል 1,470 ቀን፣ አራት ዓመት ገደማ ይሆናል። ባለ 60ው ለዚያው ሥራ በቀን 4.8 ሰዓት ብቻ ስለሚያመርት ወደ ስድስት ዓመት ይጠጋል። በክረምት ፍጆታው ስለሚቀንስ ሁለቱም ከዚህ ይረዝማሉ። ትልቁ ሴል ውድ ቢሆንም ልዩነቱን በዕድሜ ይመልሳል ማለት ነው።

ዋጋን ለማነጻጸር በኪሎግራም ክሎሪን አስሉ። ባለ 40ው በሰዓት 26.5 ግራም ስለሚያመርት በ10,000 ሰዓት 265 ኪሎግራም ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል ምትክ ሴሉ 900 ዶላር ቢሆን አንድ ኪሎ ክሎሪን 3.40 ዶላር ይመጣል። ሴሉ 150 ዋት ቢበላ ለአንድ ኪሎ 5.7 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይጨመራል። አንድ ጋሎን 12.5 ከመቶ ፈሳሽ ክሎሪን ደግሞ 473 ግራም ይይዛል፤ ጋሎኑ 6 ዶላር ቢሆን ኪሎው 12.70 ይደርሳል። በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ የአካባቢያችሁን ዋጋ ተኩ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን፣ የገጣሚውን ክፍያና የአሲዱን ወጪ ግን አትርሱ፤ ገንዳውን በዓመት ሦስት ወር ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ፈሳሽ ክሎሪኑ ሊረክስ ይችላል።

አሲድ ያልኩት በምክንያት ነው። የሃይድሮጂን አረፋው ከውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያባረረ ስለሚወጣ የጨው ገንዳ ፒኤች ቀስ እያለ ይጨምራል። በየሳምንቱ ለክታችሁ በአሲድ ማውረድ አለባችሁ። ፒኤቹ ከፍ ካለና ውሃው እንደ ላስ ቬጋስ ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ እየገለበጠ ራሱን የሚያጸዳ ሴል ምረጡ።

«ጨው አነሰ» ሲል ማመን?

ይህ ክፍል ለፕሮግራመሮች ነው። መሣሪያው ጨውን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው የኤሌክትሪኩን ፍሰትና ሙቀቱን ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ጨዉን ይገምታል። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ሰሌዳው ቅርፊት ሲይዝ ወይም ልባጡ ሲያልቅ ፍሰቱ ይቀንሳል። ሳጥኑም ሦስቱንም በአንድ ቃል «ጨው አነሰ» ይላቸዋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ ጥፋቱ የሴሉ ሆኖ ሳለ ጨው ይወቀሳል። ባለቤቱም ከረጢት በከረጢት ላይ ይጨምራል፤ የበዛ ጨው ደግሞ ውሃ በማፍሰስ እንጂ በሌላ አይቀነስም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ በሌላ ነጻ መለኪያ ሳታረጋግጡ ጨው አትጨምሩ። መጀመሪያ ስትሞሉም እንዲሁ ነው። በፈሳሽ ክሎሪን የቆየ ገንዳ ከድሮው የተጠራቀመ ጨው አለው። የእህቴ ገንዳ 700 ቢኖረውና ዒላማው 3,200 ቢሆን የጎደለው 2,500 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ በ60,000 ሊትር 150 ኪሎ ይሆናል። ከረጢቱ 18 ኪሎ ስለሆነ ስምንት ከረጢት ይበቃል። ጨዉ ንጹሕና አዮዲን ያልተጨመረበት ይሁን። ፓምፑን ከፍታችሁ፣ ሴሉን ዘግታችሁ ለአንድ ቀን ካሟሟችሁ በኋላ ለክታችሁ ብቻ የቀረውን ጨምሩ።

ሶፍትዌሩና ደህንነቱ

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ከስልክ ጋር ይገናኛሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሳጥኑ ላይ ባለው ቁልፍ መቶኛውን መቀየር ይቻላል? መብራት ሄዶ ሲመለስ ቅንብሩን ያስታውሳል? የኩባንያው ሰርቨር ቢዘጋ መሣሪያው መሥራቱን ይቀጥላል? ለሦስቱም «አዎ» የማይል መሣሪያ አትግዙ። ኮድ መነካካት የምትወዱ ደግሞ ኖድጄኤስ-ፑልኮንትሮለር የተባለውን ክፍት ፕሮጀክት ተመልከቱ፤ ከብዙ የገንዳ መቆጣጠሪያዎች ጋር በሽቦ ይነጋገራል።

አንድ ነገር ግን ለሶፍትዌር አይተውም። ሴሉ ሃይድሮጂን እንደሚያመርት አይተናል። ውሃው ሲፈስ ጋዙ እየተወሰደ ይበተናል። ውሃው ቆሞ ሴሉ ከሠራ ግን ጋዙ ቧንቧው ውስጥ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የፍሰት መቆጣጠሪያው በትክክል መሥራት አለበት፤ የሴሉ ኤሌክትሪክም ፓምፑ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ ሆኖ በሽቦ መያያዝ አለበት። የፍሰት ስህተት እያሳየ ያስቸገረን መሣሪያ በሽቦ አቋርጦ ማታለል ፈጽሞ አይደረግም። የኤሌክትሪክ ዝርጋታውንና የምድር ግንኙነቱን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው፤ ውሃና መብራት በአንድ ቦታ ሲሆኑ ከዩቲዩብ የሚማሩት ሥራ አይደለም።

ሴሉን በአሲድ ስታጥቡም አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አትጨምሩ፤ መነጽርና ጓንት አድርጉ። አሲድንና ክሎሪንን በፍጹም አታቀላቅሉ፣ አጠገብ ለአጠገብም አታስቀምጡ፤ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

እንደምትኖሩበት አገር

ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ፣ ውሃው በበጋ እጅግ ስለሚሞቅ ፍጆታውን በሞቃቱ ወር ለኩ፤ ከአሜሪካ የሚመጣ መሣሪያም ከአገራችሁ ቮልቴጅ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። አውሮፓ ያላችሁ፣ በቦታው የሚመረት ክሎሪን በኅብረቱ ደንብ 528/2012 ሥር ስለሚወድቅ ለአገራችሁ የተፈቀደውን ምረጡ። ክረምት የሚከብድበት ቦታ ያላችሁ ደግሞ አብዛኞቹ ሴሎች ውሃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 10 ሲወርድ ምርት እንደሚቀንሱ ወይም እንደሚያቆሙ እወቁ፤ ያኔ ጥቂት ፈሳሽ ክሎሪን ያስፈልጋል። የትም ብትሆኑ ጨዋማ ውሃ የት ሊፈስ እንደሚፈቀድ ከተማችሁን ጠይቁ። ጨው የተወሰነ ድንጋይንና ብረትንም ስለሚጎዳ የገንዳው ማሞቂያና ጠርዝ ይስማማው እንደሆነ ገጣሚውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመግዛታችሁ በፊት

1. የገንዳውን ሊትር አስሉ፤ ርዝመት × ስፋት × አማካይ ጥልቀት × 1,000።
2. የቀን ፍጆታውንና የሌሊቱን ለኩ።
3. ማረጋጊያ፣ ፒኤችና ያለውን ጨው ለኩ።
4. በሳጥኑ ላይ «በ24 ሰዓት ስንት ግራም» የሚለውን ፈልጉ። ይህን የማይናገር መሣሪያ ካጋጠማችሁ እለፉት።
5. ስሌቱን በእናንተ የፓምፕ ሰዓት አስኪዱ፤ ከ50 እስከ 70 ከመቶ የሚወጣውን ምረጡ።
6. የምትክ ሴሉን ዋጋና የዋስትናውን ዓመት ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የምትገዙት እሱን ነው።
7. የፍሰት መቆጣጠሪያውና ከፓምፑ ጋር ያለው የሽቦ ትስስር መኖሩን አረጋግጡ።

መሣሪያው ከተገጠመ በኋላም መለኪያ ኪቱን አትጣሉት። ሴሉ ክሎሪን ያመርታል እንጂ ውሃውን አይጠብቅም፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ልጆች በሚበዙበት ቀን ደግሞ ከመግባታቸው በፊት፣ ጠብታውን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ዕድሜው ለደረሰ ልጅ፣ አዋቂ አጠገቡ ቆሞ፣ ብታስተምሩት ኬሚስትሪንም ኮድንም በአንድ ገንዳ ይማራል።